ክንድ ከአራት ጣት

ቦራ የሚሉት ነፋስ፣ ከካርሶ ላይ ወርዶ፣
የትሪየስቴን መዝጊያ ሲደበድብ ማልዶ፣
ኦታቪዮ ዘሪያል፣ የወደብ ገመድ አሳሪ፣
መርከብ ገና ሳይቆም በጀልባ ተወርዋሪ፣
ዛሬ እፊቴ ተጋድሟል፣ ደረቱ ተላጭቶ፣
ጥርሱን ብርጭቆ ውስጥ፣ ቀለበቱን ለሚስቱ ትቶ።

ከግራ አጥንቱ ሥር ሁለት ሽቦ ገብተው፣
ደም ሥሩን ተከትለው፣ ልቡ ላይ ተተክለው፣
አንዷ ምት ታቀብላለች፣ ጎንበስ ቀና ብላ፣
አንዷ ሥራ ፈት ናት፣ አፏ ተከድኖ፣ ተጠቅልላ።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት!
እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፣ ሲያድር ብር፣ ሲከርም መዳብ ይባላል፤
ይህቺ ግን ከርማ ከርማ፣ መዳብነቱም ቀርቶ፣
ሥጋ ሆና ተቀመጠች፣ ጠባሳ ላይዋ ላይ ተሠርቶ።

«ትቆይ» ያሉ ነበሩ፤ «ማንን ነካች? ምን በላች?
የተኛን ምን ቀሰቀሰው?» ሌሎቹ፣ «ሠራተኛዋም አርጅታለች፣
ተተኪዋ በየት ትለፍ? ደም ሥሩ በጠባሳ ጠቦ
መግቢያ የለም፣ ካልወጣ ያ ሥራ ፈት ሽቦ።»

ማታውን ዶክተር ኔቪያ ወንበር ስባ ተቀምጣ፣
አልሸፈነችበትም፤ ነገረችው አፍረጥርጣ፤
«ከመቶው አንዱ፣ ሁለቱ፣ ደም ሥሩ ይቀደዳል፣
ከነሱም ሳንደርስለት የሚያመልጠን ይኖራል።»
ሽማግሌው በመንደሩ ቋንቋ ሽቦዋን ሰደባት፤
በኔ ጆሮ አማርኛ ሆኖ፣ «ልብ አውልቅ!» አላት።
ከዚያ ጣቱን አንስቶ፣ «ጨው የበላው ገመድ፣ ልጄ፣
በጉልበት አይፈታም፤ ስንቱን አይቻለሁ በእጄ።
ሳብ ታደርጊዋለሽ፣ ላላ ታደርጊዋለሽ፣ ትጠብቂዋለሽ።
ሲፈልግ ይለቅሻል።»

ጧት። ሰገባው ሽቦዋን ውጦ፣ በጠባሳው መሐል፣
እየፋቀ፣ እያረፈ፣ ጥቂት በጥቂት ይገባል።
ቀዶ ሐኪሙ ሌሊዮ ታጥቦ ከመጋዙ ጎን ቆሟል፣
ጸሎቱ አንዲት ናት፦ ዛሬን ሥራ አጥቶ መዋል።
እኔ ፋሻ እቆጥራለሁ፣ አፌ በጣልያንኛ፣
ሆዴ ግን እንደ ልማዱ፣ አንድ ሁለት በአማርኛ።

ኔቪያ ሳበች።
ሽቦዋ ብቻ አልመጣችም፤ ልብም አብሮ መጣ፣
እንደ ኪስ ተገልብጦ፣ ውስጡ ወደ ውጭ ሊወጣ።
ግፊቱ መቶ አሥር ነበር። ሰባ። ሃምሳ ሁለት።
ማንም አልተናገረም። ሌሊዮ አንድ እርምጃ ወደፊት።
ላላ አደረገችው።
ቆመን ጠበቅን።

በዚያች ፀጥታ፣ ሳልጠራው፣ የመጣብኝ አሳብ፣
የሟቹ ባሌ ስልክ ነው፤ በየወሩ የሰባት ዩሮ ሂሳብ።
መስመሩን አላስቆረጥኩም፤ ክፍት ነው፣ ማንም አይናገርበትም።
ለምን ያለኝ ሰው የለም፤ ቢለኝም አልመልስለትም።

ስልሳ። ሰማንያ አራት። መቶ።
ኔቪያ እንደገና፣ በሁለት ጣት፣ ትንፋሿን ውጣ፣
ሳብ፣ ላላ፣ ሳብ፣ ላላ፣
ድንገት እጇ ቀለለ።
ወጣች።
ጫፏ ላይ የምስር ክክ የምታህል ሥጋ አለች፤
ከልቡ የቆረሰችው ድርሻዋ ይህቺው ብቻ ነች።
በለቀቀችው ጎዳና አዲሲቱ ሽቦ ገባች፤
ሌሊዮ ጓንቱን አወለቀ፤ መጋዟ ሳትነካ ዋለች።

ማታ ሲነቃ መጀመሪያ የጠየቀኝ ርዝመቷን ነው።
ክንዴን ዘርግቼ አሳየሁት፤ አራት ጣት ጨመርኩለት።
«ያቺው ናት?» አለ። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያሰረችኝ?
ይህን ያህል ያጠረ ገመድ ለጀልባም አይሆን።»
ስጡኝ አለ። ላቦራቶሪ ሄዳለች አልኩት።
አኮረፈ። ጥርሱን አቀበልኩት።

ከመስኮቱ ማዶ ባሕሩ አረፋ ደፍቋል፤
አንዲት መርከብ ከወደቡ ርቃ ቆማለች፣
መብራቷ ከፍ ዝቅ ይላል።
ትክ ብሎ አያት፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣
«ትጠብቅ» አለ፤
«በዚህ ነፋስ ማንም ገመድ አይወረውርላትም።»